የሀበሻ ዶሮ ልታረቡ ስታስቡ፦ የቱን፣ ከየት፣ ከስንት አውራ ጋር?

ለፋሲካ አንድ ሳምንት ሲቀረው በአክስቴ ጓሮ ሦስት አውራ ዶሮ ነበር። አንደኛው ቀይ ነው፤ አናቱ ላይ ያለው ኩክኔው ድርብ፣ ደረቱ ሞላ ያለ፣ ሲጮህ ሰፈር የሚቀሰቅስ። ሁለተኛው ገብስማ፣ እሱም ደህና። ሦስተኛው ግን ቀጫጫ ነው፤ ጥሬ ሲበተን ሴቶቹ ራሳቸው ገፍትረው ያባርሩታል። አክስቴ ቀዩን ገበያ አወጣችው፤ ጥሩ ብር አመጣላት። ገብስማውን ለራሷ በዓል አረደችው። ከበዓሉ በኋላ ግቢው ላይ የነገሠው ያ ቀጫጫው ነው። የዚያ ዓመት ጫጩት በሙሉ የእሱ ልጅ ሆነ።

አክስቴን እየከሰስኩ አይደለም። ያደረገችው አገር ሁሉ የሚያደርገውን ነው። ዶሮ በማዳቀል የሚተዳደር ድርጅት ምርጡን ለዘር አስቀርቶ ሌላውን ይሸጣል፤ እኛ ምርጡን ሸጠን በተረፈው እናራባለን። ለዚህ ነው ሰው "ዶሮ ልጀምር ነው፣ የሀበሻ ይሻለኛል የፈረንጅ?" ሲለኝ ጥያቄው ግማሽ የሚሆንብኝ። ሌላው ግማሽ "አውራውስ ከየት፣ ስንት?" የሚለው ነው። እሱን የሚጠይቅ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ይህን የምጽፈው ለሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንዱ ዶሮ ማርባት ፈልጎ የቱን እንደሚይዝ የተቸገረ። ሌላው "የአያቴ ዶሮ ዘር እየጠፋ ነው፣ ላተርፈው" የሚል። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ናቸው፤ ችግሩም እዚያ ነው፣ የሁለቱ መልስ አንድ አይደለም።

ምን ላይ ነን?

በ2007 ዓ.ም. የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ናሙና ጥናት ከአገሪቱ ዶሮ ውስጥ ከ95 በመቶ በላይ የሆነው የአገር ዶሮ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ጥናት ከ57 ሚሊዮን ገደማ ዶሮ የአገሩ ድርሻ ወደ 79 በመቶ ወረደ። ቀሪው ክልስና የፈረንጅ ነው። ስድስት ዓመት ብቻ! 79 በመቶ ብዙ ይመስላል፣ ብዙም ነው። ዶሮ ግን ላም አይደለም። በዓመት ትውልድ ይቀያይራል። አንድ መንደር ውስጥ የገባ አንድ የፈረንጅ አውራ በሁለት ዓመት ውስጥ የልጅ ልጅ አለው።

ለነገሩ የሀበሻ ዶሮም ቢሆን መጀመሪያ እንግዳ ነበር። የዶሮ አያት ደቡብ ምሥራቅ እስያ ያለ የጫካ ወፍ ነው። ምሥራቅ ትግራይ ውስጥ መዝበር በሚባል ከአክሱም በፊት በነበረ መንደር ቁፋሮ የዶሮ አጥንት ተገኝቷል፤ ዕድሜው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ800 እስከ 400 ባሉት ዓመታት ውስጥ ይወድቃል። በአፍሪካ ከተገኙት የለማዳ ዶሮ አጥንቶች ከጥንታዊዎቹ አንዱ ነው። እንግዲህ ይህ ዶሮ ሁለት ሺሕ አምስት መቶ ዓመት ያህል ደጋውን፣ ቆላውን፣ ጭልፊቱን፣ ሸለምጥማጡን፣ ፈንግል የሚሉትን የዶሮ በሽታ ሲለምድ ኖሯል። ክትባት የሚወጋው፣ መኖ የሚመዝንለት ሰው አልነበረም።

"የሀበሻ ዶሮ" አንድ ዘር አይደለም

ትልቁ ስህተት እዚህ ነው። "የሀበሻ ዶሮ ይዣለሁ" ማለት "የሀበሻ ሰው አውቃለሁ" እንደማለት ነው። የየት?

ተመራማሪዎች የለዩዋቸው ስሞች አብዛኞቹ የቦታ ስም ናቸው። የወለጋው ሆሮ፣ የሐረርጌው ጃርሶ፣ የአዊው ጥሊሊ፣ የደቡብ ምዕራቡ ጠፒ፣ ጨፌ እያሉ ይቀጥላሉ። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ከ25 የተለያዩ የኢትዮጵያ ቦታዎች የተሰበሰቡ 245 ዶሮዎችን ሙሉ ዘረመል አንብቦ ከየቦታው የሙቀት፣ የዝናብ፣ የአፈርና የዕፅዋት ሁኔታ ጋር አነጻጽሯል። የወጣው ነገር ባጭሩ፦ ዶሮው በመልክ ብቻ ሳይሆን በደሙም የቦታው ዶሮ ነው። ሆሮና ጃርሶን ጎን ለጎን ያጠኑም ሰዎች ሁለቱ በዘር የተራራቁ ሆነው አግኝተዋቸዋል።

ለእናንተ ይህ ምን ማለት ነው? ደብረ ብርሃን ቤት ያለው ሰው ከቆላ ዶሮ አምጥቶ "የአገር ነው፣ ይችላል" ቢል፣ ብርዱ ላይ ላይችል ይችላል። መነሻችሁ ከራሳችሁ ወረዳ ወይም አየሩ ከእናንተ ጋር ከሚመሳሰል ቦታ ይሁን። ከዚህ የበለጠ ቀላል ምክር የለኝም።

ሌላው የማይወራለት አንገተ መላጣው ነው። ላባ የሌለው አንገቱን ሰው ያስጠላዋል፤ ገበያ ላይ ዋጋው ይወርዳል፣ ለበዓል "ይሄንንማ እንዴት አርጄ ለእንግዳ" ይባላል። ይህ መላጣነት ግን አንድ ዘረመል የሚያመጣው ነው፤ የዶሮውን ላባ ከ20 እስከ 40 በመቶ ስለሚቀንሰው ሙቀት በቀላሉ ይወጣለታል። ቆላ ላይ ይህ ሀብት ነው። በሌላው ዓለም ለሞቃት አገር ዶሮ የሚያዳቅሉ ሰዎች ይህን ዘረመል ፈልገው ያስገባሉ። እኛ ጋ ማንም "ላጥፋው" ብሎ አላሰበም፤ የገበያው ምርጫ ብቻ በቂ ነው። ጥቁሩም ዶሮ ያው ነው። ቀዩ በውድ ይሸጣል፣ ጥቁሩ ቆሞ ይውላል።

ድርብ ኩክኔስ? ገዢው አብዝቶ ይወደዋል። ግን ሮዝ የሚባለው ድርብ ኩክኔ ዘረመሉን ከእናትም ከአባትም በወረሰ አውራ ላይ የዘር ፈሳሹን ፍጥነት እንደሚያዳክም ታውቋል። ማለትም ገበያ ላይ ከፍተኛ ዋጋ የሚያወጣው ኩክኔ፣ ሁሉም አውራ ላይ ሲሆን፣ እንቁላሉ በደንብ ላይፈለፈል ይችላል። ነጠላ ኩክኔ ያላቸውን ሁሉ አታጥፉ። ግማሽ በግማሽ ቢሆን ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ምርጫው

በእጃችሁ ያሉት አራት መንገዶች ናቸው፤ ያልተሻሻለው የአካባቢያችሁ ዶሮ፣ በምርጫ የተሻሻለው የአገር ዶሮ (አሁን በተግባር ሆሮ ማለት ነው)፣ ከውጭ የገቡት እንደ ኮይኮክ፣ ሳሶና ቦቫንስ ያሉት፣ እና ክልስ።

በእንቁላል ብቻ ካነጻጸራችሁ ወሬው ቶሎ ያልቃል። የሀበሻ ዶሮ እየጫረች ስትኖር በዓመት ሦስት ጊዜ ገደማ ትጥላለች፣ በየዙሩ 12 ወይም 15። ያው 40 አካባቢ ነው። እንቁላሏም 40 ግራም ገደማ፣ ትንሽ ነው። ቦቫንስ ሙሉ መኖ በልታ፣ መብራትና ክትባት ተሟልቶላት፣ በዓመት ከ300 በላይ ትጥላለች። ኮይኮክ መሐል ላይ ናት፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዳቀለች፣ ነጭና ጥቁር ዥንጉርጉር፣ በጥሩ አያያዝ ከ150 በላይ የምትሰጥ። ሳሶ ደግሞ ለሥጋም ለእንቁላልም ይሆናል፤ ቀይ ስለሆነም ገበሬው ይወደዋል፣ ቶሎ ይከብዳል።

ስለዚህ የፈረንጅ ያዙ? ቆዩ።

የሀበሻ ዶሮ 40 እንቁላል የምትጥለው ሰነፍ ስለሆነች አይደለም። ጥላ ስትጨርስ ትታቀፋለች። 21 ቀን ትተኛለች፣ ከዚያ ሁለት ወር ያህል ጫጩቶቿን ይዛ ትዞራለች። ያ ሁሉ ጊዜ እንቁላል የለም። አክስቴ እንቁላል ስትፈልግና ዶሮዋ አልነሳም ስትል የምታደርገውን አይቻለሁ፤ እግሯን ይዛ ቁልቁል ታንጠለጥላታለች፣ ካልሆነ ውኃ ትነክራታለች፣ ካልሆነ ጎረቤት ወስዳ ሁለት ቀን ታስራታለች። "ትርሳው!" ትላለች። ዶሮዋ ግን አትረሳም። አንዴ አቀፈች አቀፈች ነው።

የቦቫንስ ዶሮ ይህ ጠባይ ከደሟ ወጥቶላታል። አትታቀፍም። እንቁላል ማሽን ናት። ስታረጅ ትሸጣላችሁ፣ እንደገና ጫጩት ትገዛላችሁ። በዓመቱ እንደገና። ጫጩቱ የሚመጣው ከውጭ ከሚገባ ወላጅ ዶሮ ነው፤ ወላጁ ካልገባ ጫጩት የለም። መኖው ከተወደደ ደግሞ (መቼ ነው ያልተወደደው?) ሒሳቡ ይገለበጣል። የሀበሻዋ ዶሮ ምሳዋን ራሷ ፈልጋ ትበላለች፣ ተተኪዋንም ራሷ ትፈለፍላለች። ስለዚህ ትክክለኛው ማነጻጸሪያ "ስንት እንቁላል ጣለች" ብቻ ሳይሆን "ለአንድ እንቁላል ስንት ብር አወጣሁ፣ ነገ ዶሮ ከየት አመጣለሁ" የሚለው ነው። ዋጋውም አንድ አይደለም። የሀበሻ እንቁላልና የሀበሻ አውራ ከፈረንጁ በልጦ እንደሚሸጥ ገበያ የወረደ ሁሉ ያውቃል።

የሀበሻ ዶሮን ግን ቅዱስ አላድርጋት። ከምትፈለፍላቸው ጫጩቶች ግማሽ ያህሉ ሁለት ወር ሳይሞላቸው ያልቃሉ። ፈንግል ከገባ ደግሞ "የአገር ዶሮ በሽታ ይቋቋማል" የሚለው ወሬ በአንድ ሳምንት ከንቱ ይሆናል፤ ጓሮ ሙሉ ያጸዳል። መቋቋም ማለት ከፈረንጁ ይሻላል ማለት ነው እንጂ አይሞትም ማለት አይደለም።

የተሻሻለው ሆሮ፦ የመሐል መንገድ?

ደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከሆላንዱ ዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የሆሮ ዶሮን ሲያሻሽል ቆይቷል። አሠራሩ ቀላል ነው፣ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ። የሆሮን እንቁላል ከወለጋ ሰብስቦ ማስፈልፈል፣ ብዙ የጣለችውንና ከባዱን መምረጥ፣ የተመረጡትን ብቻ ማራባት፣ በየትውልዱ እንደገና መምረጥ። የውጭ ደም አልገባበትም። አክስቴ ገበያ ላይ የምታደርገውን ገልብጡት፣ ያ ነው።

በኋላም ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም በመራው ፕሮጀክት ይህ የተሻሻለ ሆሮ ከሳሶ፣ ከሕንዱ ኩሮይለርና ከኮይኮክ ጋር በገበሬ ጓሮ ተሞክሯል። ክብደት ላይ ሳሶና ኩሮይለር በለጡ። ማንም አልደነቀውም።

እኔ ሆሮን የምመርጠው ለማን ነው? ዶሮው ከግማሽ በላይ ምግቡን በጓሮ ጭሮ የሚያገኝ፣ ትንሽ መኖ የሚጨምርለት፣ እንቁላልም እንዲበዛለት፣ የአገር ደምም እንዲይዝ ለሚፈልግ ሰው። ሆኖም አንድ ነገር አትሳቱ። የተሻሻለ ሆሮ መያዝ የጥሊሊን ወይም የጃርሶን ዘር ማዳን አይደለም። ጎጃም ውስጥ ሆሮ ስታስገቡ ለጎጃሙ ዶሮ ሆሮም እንግዳ ነው። የአገር ዶሮ በአገር ዶሮ ይጠፋል፤ ስም አይቀየርም፣ ሰውም አያስተውለውም።

ክልስ፣ ማለትም ወጥመዱ

ነጭ ሌግሆርንና ሮድ አይላንድ ሬድ ወደ ኢትዮጵያ ከገቡ ሰባ ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። ለረጅም ጊዜም ለገበሬው የፈረንጅ አውራ አድሎ የጓሮውን ዶሮ "ማሻሻል" የተለመደ ዘዴ ነበር። የመጀመሪያው ክልስ በእርግጥ ያስደስታል። የእናቱን ጥንካሬ፣ የአባቱን ቁመና ይዞ ይወጣል። ሰው ያንን ያይና "ይኸው ተሻሻለ" ይላል።

ከዚያ ክልሱ ከክልስ ጋር ይራባል። ያ የመጀመሪያው ጉልበት በግማሽ ይወርዳል። ልጆቹ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ አንዷ ትታቀፋለች፣ አንዷ እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች። የፈረንጁ ምርት የለም፣ የሀበሻው ጽናትም የለም። ሁለት ጊዜ የከሰራችሁት ግን የሀበሻውን እናት መልሳችሁ ማግኘት ስላልቻላችሁ ነው። ወተትን ውኃ ውስጥ አፍስሶ ወተቱን መልሶ ማውጣት የለም።

ክልስ መያዝ ከፈለጋችሁ ለአንድ ዙር ያዙ፤ ብሉት፣ ሽጡት፣ አታራቡት። በምንም ተአምር ግን የፈረንጅ አውራ ለቃችሁ ጓሮ ላይ አታሰማሩ። ሴቷ ችግር የለባትም። ቦቫንስ የሚሸጡት ሴት ቄቦች ናቸው፤ እንቁላሏን ብትበሉት ማንንም አትጎዳም። ከሳሶና ከኮይኮክ ጋር ግን ወንድም ይመጣል፤ ያ ወንድ የጎረቤትን አጥር አያውቅም። አንድ ሴት ዶሮ በዓመት የአንድ ቤት ጫጩት ትለውጣለች። አንድ አውራ የሰፈሩን ነው የሚለውጠው።

የአውራው ሒሳብ

እዚህ ላይ ቆም በሉ፣ ሙሉው መመሪያ እዚህ ነውና። ሒሳብ የምትጠሉም ብትሆኑ።

የዘረመል ሰዎች አንድ መንጋ በቁጥር ሳይሆን በ"ውጤታማ ቁጥሩ" ነው የሚለኩት። አራት ጊዜ የወንዶቹን ቁጥር በሴቶቹ ቁጥር ታባዙና ለወንድና ሴት ድምር ታካፍላላችሁ። አንድ አውራና 10 ሴት አላችሁ እንበል። 40 ለ11 ሲካፈል 3.6 ነው። አሥራ አንድ ዶሮ አላችሁ፣ በዘር ግን ሦስት ተኩል ያህል ዶሮ ናችሁ። በእንዲህ ያለ መንጋ የዘመድ ለዘመድ መራባት በየትውልዱ 14 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

"እሺ ሴት እጨምራለሁ" ትሉ ይሆናል። 30 ሴት አድርጉት፣ አውራው አንድ። 120 ለ31፣ ያው 3.9። ሃያ ዶሮ ገዝታችሁ፣ ቀልባችሁ፣ ምንም አልተለወጠም። አሁን ሴቶቹን 10 ላይ አቁሙና አውራዎቹን ሦስት አድርጉ። 120 ለ13፣ 9.2 ይሆናል። ሁለት አውራ ብቻ ጨምራችሁ ከእጥፍ በላይ ሄዳችሁ።

በዓለም ላይ ለዘር ጥበቃ እንደ ወለል የሚወሰደው ውጤታማ ቁጥር 50 ነው፤ ያኔ የዝምድናው ጭማሪ በትውልድ 1 በመቶ ላይ ይቆማል። 50 ለመድረስ 15 አውራና 75 ሴት ያስፈልጋል። የማን ጓሮ ነው 15 አውራ የሚችለው? ቀን ሙሉ ሲደባደቡ ይውላሉ፣ ሌሊት ሰፈሩን ያሳብዳሉ። አምስት ጎረቤት ሆናችሁ ግን በየቤቱ ሦስት አውራና 15 ሴት ማለት ነው። እሱም ከከበዳችሁ በየቤቱ አንድ አውራና 10 ሴት ይሁን፤ አምስት አውራ ለ50 ሴት፣ 18 ይመጣል። ፍጹም አይደለም፤ ብቻውን ከሚታገለው ሰው 3.6 ግን አምስት እጥፍ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቤቶቹን በዙር አስቀምጡ። ሴቶቹ ጫጩቶች ከተፈለፈሉበት ቤት አይንቀሳቀሱም። ለዘር የተመረጠው ወንድ ግን ሁልጊዜ ወደ ቀጣዩ ቤት ይሄዳል፤ የአንደኛው ቤት ልጅ ወደ ሁለተኛው፣ የሁለተኛው ወደ ሦስተኛው፣ የአምስተኛው ወደ አንደኛው። ልክ እንደ ዕቁብ ዙር። አውራ ከእህቱም ከእናቱም ጋር አይገናኝም። መዝገብ አያስፈልግም፣ እግሩ ላይ ክር ማሰር ይበቃል።

ይህ ካልሆነ የምታዩት ምንድን ነው? እንቁላል ታቀፈች፣ ግማሹ ባዶ ሆነ። ጫጩት ወጣ፣ ደካማ ነው። ሰው "ቡዳ በላው" ወይም "የዘንድሮ እንቁላል አይሆንም" ይላል። አባት ከልጁ ጋር ሦስት ዓመት ሲራባ መኖሩ ትዝ አይለውም።

ለጥበቃ፦ ጓሮ፣ ማዕከል ወይስ ፍሪዘር?

ዘር ለማዳን የሚያስቡ ሰዎች ሦስቱን ያነጻጽራሉ።

ምርምር ማዕከል ውስጥ መንጋ ማቆየት ቁጥጥር አለው፣ መዝገብ አለው። በሌላ በኩል በሽታ አንዴ ከገባ ሁሉም አንድ ቦታ ነው፤ በጀት ከተቋረጠም መንጋው ያልቃል። ሌላም አለ፤ ግቢ ውስጥ ተቀልቦ አሥር ትውልድ የኖረ ዶሮ ጭልፊት ሲያይ ምን እንደሚያደርግ እየረሳ ይሄዳል።

ፍሪዘሩ ይበልጥ የሚገርም ነው። የላም ፅንስ በረዶ ውስጥ ይቀመጣል፤ የዶሮ እንቁላል ግን ያ ሁሉ አስኳል ስላለው አይሆንም። የአውራው ዘር ፈሳሽ ይቀዘቅዛል፤ እሱም ግማሽ ነው። ምክንያቱም በዶሮ ፆታን የሚወስነው የእናቲቱ ክሮሞሶም ነው፤ ሴት ብቻ የምታስተላልፈው ክሮሞሶም በአውራው ፈሳሽ ውስጥ የለም። ስለዚህ አሁን የሚሠራው ገና በእንቁላል ውስጥ ካለ ፅንስ ወደፊት እንቁላልና ዘር የሚሆኑትን ሴሎች አውጥቶ ማቀዝቀዝ ነው። በኋላ የራሷ ዘር የማይበቅልባት ሌላ ዶሮ ውስጥ ይከቱትና፣ ያቺ ዶሮ የማታውቀውን ዘር እንቁላል ትጥላለች። የስኮትላንዱ ሮዝሊን ኢንስቲትዩት በዚህ ብዙ ርቆ ሄዷል። ድንቅ ነው፣ ግን የእናንተም የእኔም ሥራ አይደለም።

ጓሮው ርካሹ ነው፣ ዶሮውም ከነጠባዩ፣ ከነአየሩ፣ ከነበሽታው ይኖርበታል፤ መለወጡንም አያቆምም። ድክመቱ የፋሲካ ገበያ ነው። እኔ ምረጥ ካላችሁኝ ጓሮን በዙር አውራ፣ ፍሪዘሩን ደግሞ ለክፉ ቀን። ማዕከሉን ለማሻሻያ እንጂ ለመጠበቂያ ብቻውን አላምነውም።

ከመግዛታችሁ በፊት

ባለፈው ዓመት ከገበያ አራት "ንጹሕ የሀበሻ" ሴት ዶሮ ገዛሁ። ሻጩ በእናቱ ማለ። እቤት ወስጄ በቀጥታ ከነበሩት ጋር ቀላቀልኳቸው። በስምንተኛው ቀን አንዷ አንገቷን ጠመዘዘች፣ አረንጓዴ ታስቀምጥ ጀመር። በሁለተኛው ሳምንት ከ17 ዶሮ ሦስት ቀሩኝ። ፈንግል ነበር። የሚያናድደው ደግሞ ከሦስቱ አንዷ፣ አዲሷ፣ ስታድግ ትልቅ ቡናማ እንቁላል መጣል ጀመረች፣ አልታቀፍም አለች። ክልስ ናት። ዘር ላድን ብዬ ዘሬን ፈጀሁ።

ስለዚህ ከገበያ አትግዙ፣ ከቤት ግዙ። ቤቱ ሂዱ፣ እናቲቱን አሳዩኝ በሉ፣ "ታቅፋ ታውቃለች?" ብላችሁ ጠይቁ፣ አውራውንና የጎረቤትን አውራ እዩ። አዲስ የመጣውን ሦስት ሳምንት ለብቻ አቆዩ፤ ሌላ ውኃ፣ ሌላ ዕቃ። የፈንግል ክትባት አገር ውስጥ፣ ቢሾፍቱ ይመረታል፤ ሙቀት የሚችልና ዓይን ላይ ጠብ የሚደረግም ዓይነት አለው። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሆነ ለአሥር ዶሮ መግዛት ያስቆጫል። ከዙሩ ጎረቤቶች ጋር በአንድ ቀን አስከትቡ። እንቁላል ገዝቶ በራስ ዶሮ ማሳቀፍ ደግሞ ከዶሮ ግዢ ይሻላል፤ በሽታ የማምጣት ዕድሉ ያነሰ ነው፣ ከአምስት ቤት ሦስት ሦስት እንቁላል ሰብስባችሁም በአንዲት እናት ሥር የአምስት ቤት ደም ታገኛላችሁ።

እንደየሁኔታችሁ

ከተማ ውስጥ ጠባብ ግቢ ካላችሁና እንቁላል ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት፣ ቦቫንስ ሴቶች ያዙ፣ አውራ አታስገቡ፣ የመኖውን ሒሳብ ቀድማችሁ ሥሩ። ኮንዶሚኒየም ላይ ከሆናችሁ ተዉት፣ ጎረቤት ይበልጣል።

ውጭ አገር ሆናችሁ ለገጠር ወላጆች "ዶሮ ላስጀምርላቸው" የምትሉ፣ 50 የሳሶ ጫጩት ከመላክ በፊት መኖውን በየወሩ ማን እንደሚገዛ አስቡ። ብዙ ጊዜ ለመጠለያ፣ ለክትባትና ለሁለት ጥሩ አውራ የላካችሁት ብር ከጫጩቱ ይልቅ ይረዳቸዋል። ቤታቸው ያለው ዶሮ ጫጩት የሚያልቅበት በጭልፊትና በፈንግል ነው እንጂ በዘሩ ክፋት አይደለም። ግማሹ ጫጩት ባይሞት ኖሮ መንጋው ያለ ምንም ማሻሻያ እጥፍ ነበር።

ሰፋ ያለ ጓሮና ጎረቤት ያላችሁ፣ የአካባቢያችሁን ዶሮ ያዙ። ጥቁሩንም፣ መላጣውንም፣ ነጠላ ኩክኔውንም ጨምሩ።

ሁለቱንም የምትፈልጉ ደግሞ፣ ለገበያው የፈረንጅ ሴት በቤት ዘግታችሁ፣ ለዘሩ የአገሩን ጓሮ ላይ። አጥሩ ጠንካራ ይሁን።

ዘንድሮ ለፋሲካ አክስቴ ጋ ሄድኩ። ቀይ አውራ አለ፣ እግሩ ላይ ሰማያዊ ክር። አንድ ነጋዴ በር ላይ ቆሞ ዋጋ ይጨምራል፣ ይጨምራል። እሷ ክንዷን አጣጥፋ "እሱ አይደለም የሚሸጠው፣ ያኛው ነው" ትላለች። "ያኛው" ቆጡ ሥር ተቀምጦ የሚያንቀላፋው ነው። ነጋዴው ወደኔ ዞሮ "ምን ነካቻት?" አለኝ። አክስቴ ሰምታዋለች። "አንተ ልጅ፣ ይሄ እኮ ተራው የእማማ ቤት ነው፣ ከበዓል በኋላ ይሄዳል" አለችና በሩን ዘጋችበት።